ሻንሲና አካል፦ የብሪታንያ አውቶቡሶችና የአካል ሠሪዎቻቸው ታሪክ



በአንድ አሮጌ የብሪታንያ አውቶቡስ ፊት የሚቆም ሰው አንድ መኪና ያየ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የሚያየው ሁለት ነገር ነው። ከሥር ያለው ሻንሲ፣ ከነሞተሩ፣ ከነካምቢዮው፣ ከነባሌስትራውና ከነጎማው፣ የአንድ ፋብሪካ ሥራ ነው። በላዩ የተቀመጠው አካል፣ በጋራዥ ቋንቋ «ቦዲ» የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ የሌላ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም የሌላ ከተማ ሥራ ነው። ሻንሲው ከተሠራበት ቦታ ሲወጣ ጣሪያም መስተዋትም አልነበረውም። ሾፌሩ ካፖርቱን ደራርቦ፣ ዝናቡንና ብርዱን እየተቀበለ፣ እስከ አካል ሠሪው ግቢ ድረስ ይነዳው ነበር። በዚያም አናጢ፣ ባትላሜራ፣ ቀለም ቀቢና መቀመጫ የሚያለብሰው ባለሙያ በየተራ ይቀበሉታል። ሁለቱን ፋብሪካዎች የሚያገናኛቸው የሻንሲው ንድፍ፣ በሕግ የተወሰነው ልኬትና የገዢው ትእዛዝ ነበር።

የአውቶቡስ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በሞተሩ በኩል ነው። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ፣ ከፊት ሞተር ወደ ኋላ ሞተር እየተባለ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የአንድን አውቶቡስ ዕድሜ፣ ክብደትና የመንገደኛውን ምቾት በአብዛኛው የወሰነው አካሉ ነው። ሙያውም ከሞላ ጎደል የጠፋው የአካል ሠሪው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ታሪክ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ይሆናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሙያው ሞተርን ይቀድማል። ጁላይ 4 ቀን 1829 በለንደን የመጀመሪያውን መደበኛ የኦምኒባስ አገልግሎት የከፈተው ጆርጅ ሺሊቢር ሠረገላ ሠሪ ነበር። አሳቡን ያገኘው በፓሪስ ሲሠራ ሲሆን፣ በሦስት ፈረሶች የሚጎተተውና 22 ሰው የሚይዘው ሠረገላው ከፓዲንግተን እስከ ባንክ ይመላለስ ነበር። ንግዱ አልሰመረለትም፤ ከስሮ በመጨረሻው የቀብር ሠረገላ ወደ መሥራት ዞሯል። የመሠረተው ሥራ ግን ቀጠለ። የእንጨት አጥንት ማቆም፣ ላዩን በስስ ሰሌዳ ማልበስ፣ ቀለሙን ደጋግሞ እየቀቡ ማለስለስ፣ ይህ ሁሉ ከፈረስ ዘመን የተወረሰ ነው። ሞተር በመጣ ጊዜ ፈረሱ ተፈታ እንጂ ሠረገላው ወዲያው አልተለወጠም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በ1910 በለንደን ጄኔራል ኦምኒባስ ኩባንያ በተሠራው «ቢ» የተባለ አውቶቡስ ላይ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ፍራንክ ሰርል ንድፉን አወጣ፤ በዋልተምስቶው የነበረውም ፋብሪካ በብዛት አመረተው። 16 ሰው ከውስጥ፣ 18 ሰው ከላይ ይቀመጥ ነበር። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ አልነበረውም። ሻንሲው ራሱ እንኳ በብረት ሳንቃ የተጠናከረ እንጨት ነበር። ኩባንያው የመጨረሻውን የፈረስ ኦምኒባስ ከሥራ ያወጣው በኦክቶበር 1911 ሲሆን፣ የማምረቻው ክፍል በ1912 ተለይቶ ኤ.ኢ.ሲ. የተባለ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 900 ያህል «ቢ» አውቶቡሶች ወታደር ለማጓጓዝ ወደ ጦር ግንባር ተልከዋል። ከእነዚህ አንዱ በጦርነት ሙዚየም ይዞታ ተጠብቆ ይገኛል። የላይኛው ፎቅ ግን ለብዙ ዓመታት ጣሪያ አላገኘም። የለንደን ፖሊስ ባለ ጣሪያውን ፎቅ የፈቀደው በ1925 ነበርና።

የእንጨቱ ነገር በዝርዝር መታየት ይገባዋል። አካል ሠሪዎቹ አብዝተው ይጠቀሙበት የነበረው አሽ የተባለው ዛፍ፣ ከወይራ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ንዝረትን ይችላል፣ ሳይሰበር ይተጣጠፋል፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። ከሻንሲው ጎን ለጎን መሸከሚያ ተጋድሞ፣ በላዩ ምሰሶዎች ይቆማሉ። ከመስኮቱ በታች አንድ ረጅም ወገብ ምሰሶዎቹን ሁሉ ያስራል። ከዚያ በላይ የጣሪያው ቅስቶች ይመጣሉ። አውቶቡሱ በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ አካሉም አብሮ መጠምዘዝ አለበት። ብልኅ አናጢ ይህን ጥምዘዛ የሚያስተናግድ መጋጠሚያ ይሠራል፤ ያልበሰለው ግን ይከለክለዋል፤ የተከለከለው መጋጠሚያም ይከፈታል። የተከፈተው መጋጠሚያ ውኃ ያስገባል። ውኃው በመስኮቱ ጥግ ገብቶ፣ በላሜራው ጀርባ ወርዶ፣ በምሰሶው እግር ይጠራቀማል። ከውጭ ቀለሙ ሲያብለጨልጭ ከውስጥ ምሰሶው እንደ እርጥብ ዳቦ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ሻንሲው ገና ብርቱ ሳለ አካሉ ያረጃል። ብዙ ድርጅቶች አሮጌውን አካል አንሥተው አዲስ ያስጭኑ ነበር። በሊድስ ከተማ የነበረው ቻርልስ ሮ የተባለው ድርጅት ውኃን አብልጦ የሚችለውን የቲክ እንጨት በመምረጡና ወገቡን በልዩ አሠራር በማጠናከሩ ሥራው ረጅም ዕድሜ ነበረው። ክብደቱንና ዋጋውን የሚነቅፉ ቢኖሩም፣ በጥንካሬው በኩል ፍርዱ ለሮ የሚሰጥ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገቡት ሰዎች ከአንድ ሙያ የመጡ አልነበሩም። ፍሬድሪክ ዊልያም ፕላክስተን በ1907 በስካርቦሮ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሥራ የጀመረው በአናጢነት ነው። በስኮትላንድ ዋልተር አሌክሳንደር አስቀድሞ አውቶቡስ የሚያሠራ ነጋዴ ነበር፤ በ1924 ለራሱ መኪኖች አካል መሥራት ጀመረና ኋላ ለሌላውም ሠሪ ሆነ። ኸርበርት ዋይት በ1919 በለንደን የመሠረተው ዱፕል ደግሞ ስሙን ያገኘው አንዱ መኪና ለሁለት ሥራ እንዲውል ከማድረግ አሳብ ነው። ከጦር ሠራዊት የተረፉትን ትንንሽ ፎርዶች እንደ ሁኔታው ሰው ወይም ዕቃ እንዲጭኑ አድርጎ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ነጋዴዎች አንዱን ሻንሲ በሥራ ቀን የጭነት፣ በበዓል ቀን የሽርሽር አካል ያስጭኑት ነበር። ብሎኑ ይፈታል፣ አካሉ በሰንሰለት ይነሣል፣ ሌላው ይወርዳል። በሀገራችን የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ አካል ሲሠራ ላየ ባለሙያ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1920ዎቹ ዓመታት ስለ ጩኸትና መንቋቋት የተገኘው መፍትሔ ከአውሮፕላን የመጣ ነበር። በሄይቲ የተወለደው አብራሪ ቻርልስ ቴሬስ ዋይማን፣ የእንጨቱ ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ፈጽሞ እንዳይነካኩ፣ በመካከላቸው ክፍተት ትቶ በብረት ሳንቃ ብቻ አያያዛቸው። ከውጭም በላሜራ ፈንታ በጨርቅ ሸፈነው። እንጨት ከእንጨት ካልተፋተገ አይጮኽም፤ ቀላልም ነው። አሳቡ የረቀቀ ነበር፤ ለከተማ አውቶቡስ ግን አልሆነም። ጨርቁ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲቀደድም ጥገናው አድካሚ ነው። በአድልስተን የነበረው የዋይማን ፋብሪካ ጨርቁን ትቶ ወደ ብረት ዞረ። በ1932ም የባቡር ፉርጎ ከሚሠራው ከሜትሮፖሊታን ካሜል ጋር የጋራ ሽያጭ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ከባቡር የመጣው የብረት አጥንት የአናጢውን ቦታ ቀስ በቀስ መያዝ ጀመረ።

የሻንሲ ሠሪዎቹም በበኩላቸው አልተኙም። በ1927 ሌይላንድ ያወጣው ታይታን፣ የጆርጅ ራክሃም ንድፍ፣ ባለሁለት ፎቁን አውቶቡስ ከድልድይ ሥር እንዲያልፍ አደረገው። የላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ከመካከል ተነሥቶ በቀኝ ዳር ከወለሉ ዝቅ ብሎ ተሠራ። በዚህም የመኪናው ቁመት ቀነሰ። ዋጋውን የከፈለው መንገደኛው ነው። ከላይ አራት አራት ሰው በአንድ ረጅም መቀመጫ ይታጨቃል፤ ከታች በቀኝ በኩል የተቀመጠውም ሲነሣ ራሱን ከላይኛው መተላለፊያ ሥር ይመታል። ራክሃም ወዲያው ወደ ኤ.ኢ.ሲ. ሄዶ በ1929 ሪጀንትን አወጣ። በ1930 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግም ፈቃድና ምርመራን በአገሪቱ ሁሉ አንድ ወጥ አደረገ። ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ የላይኛው ፎቅ በመንገደኛ ልክ ተጭኖ፣ ወደ ጎን 28 ዲግሪ ሲዘነብል እንዳይገለበጥ ይፈተናል። ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስን የሚፈሩ ሰዎች ይህን ፈተና ቢያዩ ይገረማሉ። ከባዱ ሁሉ ከሥር ነው። አካል ሠሪው ግን በጣሪያው ላይ የሚጨምራት እያንዳንዷ ኪሎ በዚያ መድረክ ላይ እንደምትቆጠርበት ያውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጦርነት መጣ። የሙያው ዋጋ ከምንጊዜውም ይልቅ የታወቀው ባለሙያው በጠፋ ጊዜ ነው። ላሜራን ቀጥቅጠው ኩርባ የሚያወጡት ባትላሜራዎች ወደ አውሮፕላን ሥራ ተወሰዱ። አሉሚኒየምም እንዲሁ። መንግሥት ከ1942 ጀምሮ እንዲሠሩ የፈቀዳቸው ቁጠባ አውቶቡሶች ስለዚህ ማዕዘን ብቻ ሆኑ። የኋለኛው የጣሪያ ጉልላት ለስላሳ ኩርባ መሆኑ ቀርቶ፣ ጠፍጣፋ ላሜራዎች እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ነገር ሆነ። የሚከፈቱት መስኮቶች ጥቂት ነበሩ፤ በላይኛው ፎቅ ከኋላ የነበረው የአደጋ መውጫ በመስተዋት ፈንታ በላሜራ ተደፈነ፤ መቀመጫው የእንጨት ርብራብ ሆነ። ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው እንጨቱ ነው። በሚገባ ሳይደርቅ ተቆርጦ የገባው እንጨት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ፣ በሰበሰ። ከሥሩ የነበረው ጋይ አራብ የተባለው ሻንሲ ግን ብርቱ ነበር። ኤዲንብራ ከተማ ከለንደን አሮጌዎቹን ጋይ አውቶቡሶች ገዝታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ የብረት አካል አስጭናላቸዋለች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል።

በዚያው ጦርነት ግን የወደፊቱ አውቶቡስ ተፀነሰ። የለንደን ትራንስፖርት ድርጅት ከፓርክ ሮያል፣ ከዱፕልና ከሌሎች ሁለት ኩባንያዎች ጋር ተባብሮ ሃሊፋክስ የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ 710 አውሮፕላኖች ወጡ። አውቶቡስ ሠሪዎቹ በዚህ ሥራ የተማሩት ነገር ቀላል ይመስላል። አውሮፕላን ሻንሲ የለውም፤ ከስስ አሉሚኒየም ተሠርቶ በሪቬት የተያያዘው ቆዳው ራሱ ጭነቱን ይሸከማል። ክፍሎቹም ሁሉ በአንድ ቅርጽ መያዣ ላይ ስለሚሠሩ፣ የትኛውም ክፍል ከየትኛውም ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛው ትምህርት ቀድሞ ሥራ ላይ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ ከ1947 እስከ 1954 በሺህ የሚቆጠሩት የለንደን «አር.ቲ.» አውቶቡሶች ሲሠሩ፣ አካላቸው ከፓርክ ሮያልም ይምጣ ከዋይማን፣ ልኬቱ ሳይዛነፍ እንዲወጣ ተደረገ። አልደንሃም በተባለው ሰፊ የጥገና ፋብሪካ አውቶቡሱ ሲገባ አካሉ ከሻንሲው ይለያል። ሻንሲው በአንድ መስመር፣ አካሉ በሌላ መስመር ይሄዳል። አካሉ በትልቅ መገልበጫ ላይ ተጋድሞ ከሥሩ ይታጠባል፣ ይጠገናል። መስመሮቹ እኩል አይፈጥኑም፤ ሻንሲው አስቀድሞ ያልቃል፣ አካሉ ይዘገያል። ስለዚህ ከፊቱ የተገኘው አካል ይጫንበታል። ፈቃድ የተከፈለበት አውቶቡስ ሥራ ፈትቶ እንዳይቆምም፣ በገባው ፈንታ ታድሶ የቆመው ሌላ አውቶቡስ የገባውን ቁጥር ለጥፎ በዚያው ሰሞን ይወጣል። ሾፌሩ ያስገባውን ቁጥር መልሶ ይረከባል፤ መኪናው ግን ሌላ ነው።

አንዳንዶች ሻንሲና አካል በተለያየ እጅ መሠራቱ ዕድገትን አግዷል ይላሉ። የብሪስቶል ሎዴካ ታሪክ ይህን ፍርድ ያለዝበዋል። የሻንሲው ሠሪ ብሪስቶልና በሎውስቶፍት ከተማ የነበረው አካል ሠሪ ኢስተርን ኮች ዎርክስ አብረው አስበው፣ በ1949 ከላይ መካከለኛ መተላለፊያ ያለው፣ ሆኖም ከዝቅተኛ ድልድይ ሥር የሚያልፍ አውቶቡስ አሳዩ። ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግና የኋላው አክስል ዝቅ እንዲሉ በመደረጉ የታችኛው ወለል ወረደ፤ ራክሃም በመንገደኛው ራስ ላይ የጫነው ቅጣት ተነሣ። እስከ 1968 ከ5000 በላይ ተሠርተዋል። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱ ፋብሪካዎች በ1948 ወደ መንግሥት እጅ ስለ ገቡ፣ እስከ 1965 ድረስ ለመንግሥት አውቶቡስ ድርጅቶች ብቻ እንጂ ለሌላ እንዳይሸጡ መታገዳቸው ነው።

የሽርሽር አውቶቡሶችን በሚመለከት አካል ሠሪው ይበልጥ ነጻ ነበር። ገዢው ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን ቤተሰብ ዓይን የሚስብ ነገር ይፈልጋልና። ዱፕል በቤድፎርድ ኦ.ቢ. ሻንሲ ላይ ያስቀመጠው ባለ 29 መቀመጫ ቪስታ ከሁሉም ይልቅ ይወደዳል። ከሞተሩ ክዳን ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ አንድ መስመር ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ከዚህ የተሻለ የተመጠነ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። በርሊንግሃም በ1950 ያወጣው ሲጋልም ብዙ ይወደሳል፤ ሆኖም በጎኑ ላይ ያለው ጌጥ ከሚገባው በላይ ሳይነገርለት አልቀረም።

የሃሊፋክስ የመጀመሪያው ትምህርት ፍሬ ያፈራው ሩትማስተር በተባለው አውቶቡስ ነው። በኤ. ኤ. ኤም. ዱራንት መሪነት ተነድፎ፣ መልኩን ዳግላስ ስኮት አሳምሮት፣ በ1954 ለሕዝብ ታየ፤ በ1956 መንገደኛ ጫነ። ሻንሲ የለውም። አሉሚኒየሙ አካል ራሱ ተሸካሚ ሆኖ፣ ሞተሩና የፊት ጎማዎቹ በአንድ ንዑስ ፍሬም፣ የኋላ ጎማዎቹ በሌላ ተያይዘውበታል። «አር.ቲ.» 56 ሰው ሲያስቀምጥ፣ ሩትማስተር ከእርሱ ሳይከብድ 64 ያስቀምጥ ነበር። እስከ 1968 ድረስ 2876 ተሠሩ፤ የመጨረሻው ከመደበኛ አገልግሎት የወጣው በዲሴምበር 2005 ነው። ያን ያህል ዘመን የቆየው በፍቅር ብቻ አይደለም። ክፍሎቹ በአልደንሃም ተፈትተው እንዲታደሱ ተብለው ከጅምሩ ስለ ተነደፉ ነው። ከለንደን ውጭ ግን በብዛት የገዛው አንድ ድርጅት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የወሰደው 50 ያህል ነው። ሌሎቹ አካል ሠሪን የመምረጥ መብታቸውን አሳልፈው ለመስጠት አልፈለጉም።

ያ መብት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ በኩል ተወሰደ። ሌይላንድና የመንግሥቱ ብሔራዊ አውቶቡስ ኩባንያ በዎርኪንግተን አዲስ ፋብሪካ አቁመው ከ1972 እስከ 1985 ሌይላንድ ናሽናል የተባለውን፣ አካሉና ሻንሲው አንድ የሆነ አውቶቡስ ከ7000 በላይ ሠሩ። ድምፁና መልኩ ብዙ ተነቅፏል። የብረት አካሉ ግን ከብዙ ነቃፊዎቹ ሥራ ይልቅ የጸና ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በአንድ ፋብሪካ ያለ ምርጫ የሚወጣ አውቶቡስ የነጠላ አካል ሠሪውን ሥራ ይቀንሳል። መንግሥት ለአዲስ አውቶቡስ መግዣ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ሲቀር፣ በ1985 የወጣው ሕግም ከኦክቶበር 1986 ጀምሮ አገልግሎቱን ለውድድር ሲከፍት፣ ድርጅቶች አዲስ መኪና ማዘዝ አቆሙ። ፓርክ ሮያል በ1980፣ ሮ በ1984፣ ኢስተርን ኮች ዎርክስ በ1987፣ ዱፕል በ1989 ተዘጉ። አልደንሃምም በ1986 ሥራውን አቆመ። ከሮ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ተሰብስበው በ1985 በዚያው ግቢ ኦፕታሬ የተባለውን አዲስ ድርጅት ማቋቋማቸው ሊጠቀስ ይገባል። አብዛኛው ባለሙያ ግን ወደ ሌላ ሥራ ተበተነ። አናጢውና ባትላሜራው ያውቁት የነበረው ነገር በወረቀት የተጻፈ አልነበረም፤ ከጌታው ወደ ተለማማጁ በእጅ የሚተላለፍ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ አውቶቡሶችን የሚያድኑ ሰዎች ሥራ ከጨዋታ የሚቆጠር አይደለም። በ1956 ጥቂት ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ቲ31 የተባለውን የ1929 ኤ.ኢ.ሲ. ሪጋል ከለንደን ትራንስፖርት ሲገዙ፣ ግለሰቦች በብሪታንያ ያዳኑት የመጀመሪያው አውቶቡስ ሆነ። ዛሬ እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። ሻንሲውን ማደስ ይቻላል፤ ሞተሩ መጽሐፍ አለው፣ መለዋወጫውም ተፈልጎ ይገኛል። ወራትና ዓመታት የሚፈጀው አካሉ ነው። ለአልደንሃም ልጆች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ቁጥሩ የአንዱ፣ ሻንሲው የሁለተኛው፣ አካሉ የሦስተኛው የሆነ «አር.ቲ.» ልደቱ መቼ ነው ይባላል? መዝገብ ጠባቂዎቹ በአካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር ከሻንሲው ጋር እያስተያዩ ይከራከራሉ። የእንጨት አካል ያላቸውን የሚጠግኑት ግን ለክርክር ጊዜ የላቸውም። ላሜራውን ገልጠው የበሰበሰውን ምሰሶ ሲያወጡ፣ ምንም ያህል ቢፈራርስ አይጥሉትም። አዲሱ አሽ እስኪቆረጥ ድረስ በጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ ያስተኙታል። ልኬቱ ያለው በእርሱ ላይ ብቻ ነውና።